«ዲፓርትመንት ኪው»፦ ልብ ወለዱ፣ የ2013ቱ የዴንማርክ ፊልም ወይስ የኤደንብራው ተከታታይ?

ቀለመ_ሲኒማ (ርዕሱን የከፈተ)

ሰላም ለቤቱ። ኔትፍሊክስ በ2025 ያወጣውን ባለ 9 ክፍል «ዲፓርትመንት ኪው» ያዩ ብዙዎች ታሪኩን የስኮትላንድ አድርገው ይዘውታል። መነሻው ዴንማርክ ነው። ዩሲ አድለር ኦልሰን በ2007 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው፤ ርዕሱም ያልተፈቱ የቆዩ ወንጀሎችን የሚመረምር የፖሊስ ክፍል ስም ነው፤ በ2013 ሚኬል ኖርጋርድ ወደ ፊልም ቀይሮታል። ኒኮላይ ሊ ካስ መርማሪውን ካርል ሞርክን፣ ፋሬስ ፋሬስ ረዳቱን አሳድን፣ ሶንያ ሪክተር ደግሞ የጠፋችውን ሴት ሜሬተ ሊንጋርድን ሆነው ይጫወታሉ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚህ በታች የታሪኩ ምስጢር ሁሉ ይነገራል። ያላየ አይቶ ይመለስ።

መወያየት የምፈልገው ስለ ጊዜ ነው። ሜሬተ ፖለቲከኛ ናት፤ ከመርከብ ላይ ጠፋች፣ ባሕር ገብታ ሞታለች ተባለ፣ ፋይሉ ተዘጋ። እሷ ግን የአየር ግፊቱ በየጊዜው በሚጨመርበት የብረት ታንክ ውስጥ በሕይወት አለች። መጽሐፉ ምዕራፎቹን እያፈራረቀ ይሄዳል፤ የካርል ምዕራፎች 2007 ላይ ናቸው፣ የሜሬተ ከ2002 ይነሱና እየተጠጉ ይመጣሉ። ሁለቱ ዓመቶች የሚገናኙበትን ቀን አንባቢው እየፈራ ይጠብቃል። ፊልሙ 97 ደቂቃ ብቻ ስላለው ይህን መጠበቅ አጥቶታል። ፀጉሯ ሲያድግና ቆዳዋ ሲገረጣ እናያለን፤ ዓመቱ ማለፉን እንረዳለን እንጂ ሲያልፍ አይሰማንም። ለእኔ ይህ የፊልሙ ትልቁ ጉድለት ነው። እናንተስ?

ሰብለ_ከኮፐንሃገን

ቀለመ፣ በዚህ አልስማማም። ስክሪፕቱን የጻፈው ኒኮላይ አርሰል ነው፤ የስቲግ ላርሰንን የመጀመሪያ ልብ ወለድ ለ2009ኙ የስዊድን ፊልም ካዘጋጁት ሁለት ጸሐፊዎች አንዱ እሱ ነበር። ወፍራም መጽሐፍ ሲቆረጥ ምን መትረፍ እንዳለበት ያውቃል። የካርል የቀድሞ ሚስት ቪጋና ጣጣዋ፣ ተከራዩ ሞርተን፣ በቫልቢ መናፈሻ የተገደለው ብስክሌተኛ ጉዳይ፣ እነዚህ ሁሉ ለአንባቢ ይጥማሉ፤ በፊልም ላይ ግን እያንዳንዱ ከታንኩ ያርቀናል። ታንኩን በረሳን ቁጥር ደግሞ ፍርሃቱ ይበርዳል። ጊዜውን በዓመት ሳይሆን በሥቃይ ለመለካት ወሰኑ። ጥርሷን ራሷ የምትነቅልበትን ትዕይንት ልብ በሉ፤ ካሜራው ፊቱን አዙሮ አያመልጥም። እዚያ ቦታ ላይ ሁለት ደቂቃ እንደ ዓመት ይረዝማል።

የምቆጭበት አንድ ነገር ግን አለ፤ የገንዘቡ ጉዳይ። በመጽሐፉ ውስጥ ለአዲሱ ዲፓርትመንት ኪው ፓርላማው በጀት ይመድባል፤ የግድያ ምርመራ ኃላፊው ማርኩስ ያኮብሰን አብዛኛውን ለራሱ ክፍል ይወስደውና ካርልን ለብቻው ምድር ቤት ይጥለዋል። ካርል ይህን ሲደርስበት አይጮህም፤ እንደ መደራደሪያ ይጠቀምበታል፤ መኪናና ረዳት ያገኘው በዚህ ነው። አሳድ ወደ ታሪኩ የገባው በቢሮ ሽኩቻ መሆኑ መሥሪያ ቤቱን በሙሉ ያሳየናል። ፊልሙ ይህን አውጥቶ ጣለውና ካርል ባልደረቦቹ በጥይት የተመቱበት ዘመቻ ስለተበላሸበት ብቻ የተቀጣ ሰው ሆነ። ሁለት ትዕይንት ቢሰጡት ይበቃው ነበር።

ጠላቂ_ዘምፅዋ

ስለ ታንኩ በዝርዝር ማንም ስላላነሳ እኔ ልግባበት፤ ታሪኩ የሚቆመውም የሚወድቀውም በዚያ ነውና።

እኛ የምንኖረው በ1 አትሞስፌር ግፊት ነው። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ 1 ይጨመራል። በመጽሐፉ አጋቾቿ በልደቷ ቀን አንድ አትሞስፌር ይጨምሩባታል። አምስት ጊዜ ከጨመሩ 6 ይሆናል፤ ይህ 50 ሜትር ጥልቀት ላይ እንዳለ ጠላቂ ነው።

መጀመሪያ ትክክል የሆነውን ልናገር። ሰው በዚህ ግፊት አይጨፈለቅም፤ ሥጋችን አብዛኛው ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ አይጨመቅም። የሚጎዳው አየር የያዘ ባዶ ቦታ ነው፦ ጆሮ፣ የፊት አጥንት ውስጥ ያሉ ክፍተቶች፣ ጥርስ። ግፊቱ ሲጨመር አፍንጫን ይዞ ወደ ጆሮ መንፋት ያስፈልጋል፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ይህን ካልቻለ ታምቡሩ ሊቀደድ ይችላል። በተሞላ ወይም በተቦረቦረ ጥርስ ሥር የተዘጋ ትንሽ አየር ካለ ደግሞ ሕመሙ ነርቭ ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ ሰብለ ያነሳችው የጥርስ ትዕይንት ለማስደንገጥ ብቻ የገባ አይደለም፤ በታንኩ ውስጥ በእርግጥ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው።

አሁን ችግሩ። ኦክስጅን ነው። አየር ውስጥ 21 በመቶ ኦክስጅን አለ። ግፊቱ 6 ሲሆን ሳንባዋ የሚያገኘው የኦክስጅን ግፊት 0.21 ሲባዛ በ6፣ ማለትም 1.26 ይሆናል። ከ0.5 በላይ ለቀናት ከቆየ ሳንባ ይቆጣል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ይጠነክራል። ለሳምንታት በግፊት ክፍል ውስጥ እየኖሩ የሚሠሩ የሰሜን ባሕር ጠላቂዎች 0.4 አካባቢ የሚይዙት ለዚህ ነው። በሁለተኛው ጭማሪ፣ 3 አትሞስፌር ላይ፣ ሜሬተ ተራ አየር የምትተነፍስ ከሆነ 0.63 ደርሳለች፤ አንድ ዓመት አይደለም አንድ ወር በጤና መቆየት ይከብዳታል። በ6 ላይ እንድትኖር ከፈለጉ የኦክስጅኑን ድርሻ ወደ 7 በመቶ ማውረድ አለባቸው። ይህ ማለት ጋዝ የሚቀላቅል፣ የሚለካ፣ ሌሊት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ፊልሙ የሚያሳየን ቫልቭና የግፊት መለኪያ ብቻ ነው።

የተቃጠለውም አየር አለ። አንድ ሰው በቀን ወደ 1 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። በተዘጋ ታንክ ውስጥ የሚገድላት ከግፊቱ በፊት ይህ ነው፤ ስለዚህ አየሩ ያለማቋረጥ መታደስ አለበት፣ ኮምፕረሰሩም ቀን ከሌት ይጮሃል። ከምርመራ አንፃር ይህ ትልቅ ፍንጭ ነበር፦ የኤሌክትሪክ ፍጆታ፣ ድምፅ፣ የነዳጅ ግዢ። ካርልና አሳድ ቆጣሪውን ቢያዩ ኖሮ ግቢው ራሱ ይናገር ነበር።

አሁን ወደ ቀለመ ጥያቄ ልመለስ፤ ግሩም ነገር እዚህ ጋ አለ። ከፍ ባለ ግፊት ናይትሮጂን ወደ ደምና ሥጋ ይሟሟል፤ ይህ ሙሌት በግምት በአንድ ቀን ያልቃል። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ብትቆይም አምስት ዓመት ብትቆይም ለመውጣት የሚያስፈልጋት ጊዜ ያው ነው። በሌላ አነጋገር የአጋቹ ሰዓት ከሰውነቷ ሰዓት ጋር አይገናኝም። ዓመቶቹ የበቀል እንጂ የፊዚክስ አይደሉም። ደራሲው ይህን ቢጠቀምበት የበለጠ ያስፈራ ነበር፤ ከመጀመሪያው ቀን ማግስት ጀምሮ በሩን መክፈት ብቻውን ክፉኛ ሊጎዳት ይችል ነበርና።

ሕሊና_አንባቢዋ

ጠላቂ፣ እግዜር ይስጥልን። አንድ ጥያቄ፦ ግፊቱ በአንዴ ቢለቀቅ የምትሞተው እንዴት ነው? ብትተርፍስ የሚታመን ነው?

ጠላቂ_ዘምፅዋ

ለሕሊና። የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው፣ የተሟሟው ጋዝ በደምና በሥጋ ውስጥ አረፋ ይሆናል። ሳንባ ውስጥ ያለው አየርም በቦይል ሕግ መሠረት ከ6 ወደ 1 ሲወርድ ስድስት እጥፍ ይሰፋል። ትንፋሿን ከያዘች ሳንባዋ ይቀደዳል። ስለዚህ መጮኋ ይጠቅማታል፤ መተንፈሷን ማቆሟ ይገድላታል።

ነገሩ በእውን የደረሰበት ቦታ አለ። በኅዳር 1983 በሰሜን ባሕር የኖርዌይ ክልል፣ ባይፎርድ ዶልፊን በተባለው የቁፋሮ መድረክ ላይ የጠላቂዎች ክፍል ከ9 ወደ 1 አትሞስፌር በቅጽበት ወረደ። ውስጥ የነበሩት አራት ጠላቂዎችና ውጭ ከነበሩት ረዳቶች አንዱ ወዲያው ሞቱ። የስካንዲኔቪያ አንባቢ ይህን ታሪክ ያውቃል፤ የልብ ወለዱ ዛቻ እዚያ የሚያስፈራው በከንቱ አይደለም።

መትረፍ የሚታመነው ግፊቱ ወርዶ ሳያልቅ ከተያዘ ብቻ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መውጫው ቫልቭ ይዘጋል፣ ግፊቱ ተመልሶ ይጨመራል፣ በሽተኛዋ ጋደም ብላ ትቆያለች፣ ከዚያ በባለሙያ እጅ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከ50 ሜትር ጋር ከሚመጣጠን ሙሌት ለመውጣት ከሁለት ቀን በላይ ይፈጃል። በሩን ሰብሮ ጎትቶ ማውጣት፣ ፊልም ላይ ጀግንነት የሚመስለው፣ ሊገድላት ይችላል። ኮፐንሃገን ያለው ሪግስሆስፒታል የግፊት ሕክምና ክፍል አለው፤ ስለዚህ ታሪኩ የሚካሄድበት አገር ለዚህ አመቺ ነው።

የታንኩን መስኮት በሚመለከት አንድ ስሌት ብቻ። መስኮቱ ክብ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በውስጥና በውጭ መካከል ያለው ልዩነት 5 አትሞስፌር ሲደርስ መስታወቱን የሚገፋው ኃይል 3.6 ቶን ገደማ ነው። ተራ መስታወት አይችለውም፤ ወፍራም አክሪሊክ ወይም ለግፊት የተሠራ መስታወት መሆን አለበት። ምግብ የሚገባበት ቀዳዳም ሁለት በር ያስፈልገዋል፦ የውስጡ ተዘግቶ፣ በመካከል ያለው ግፊት ተለቅቆ፣ ከዚያ በኋላ ነው የውጭው የሚከፈተው። ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው የምግቡ ባልዲ እንደ ጥይት ይወረወርበታል።

ዳዊት_ስክሪፕት

ጠላቂ ስለ ፊዚክሱ ጨርሶታል። እኔ ስለ ታሪክ አነጋገር ልጨምር፤ የቀለመ ጥያቄ ስለ ርዝመት ይመስላል እንጂ ዋናው ነገር ማን ምን መቼ ያውቃል የሚለው ነው።

መጽሐፉ ካርልን ከማስተዋወቁ በፊት በጨለማ ውስጥ ያለች ሴት ያሳየናል። ስለዚህ ካርል ፋይሉን በስንፍና ሲገለባብጥ፣ ሲጋራ ሲያጨስ፣ ሲያንቀላፋ እኛ እንናደዳለን፤ በሕይወት መኖሯን እናውቃለንና። የካርል እያንዳንዷ የባከነች ቀን የሜሬተ ቀን ናት። ይህ ነው ሞተሩ።

የኔትፍሊክሱ ተከታታይ ተቃራኒውን መረጠ። በመጀመሪያው ክፍል ዐቃቤ ሕግ የሆነችውን ሜሪት ሊንጋርድን ከካርል ጋር ጎን ለጎን እያሳየ ሁለቱም በአንድ ሳምንት የሚኖሩ ያስመስለናል፤ ክፍሉ ሲያልቅ እሷ ከአራት ዓመት በፊት የጠፋች መሆኗ ይገለጣል። እጅ የሚያስጨበጭብ ብልሃት ነው። ግን የአንድ ጊዜ ድንጋጤ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስምንት ክፍል ይቀራል። ለዚያ ስምንት ክፍል የሚሆን ሥጋ ያገኙት ከጎን ገጸ ባሕሪያት ነው፦ ሽባ ሆኖ የተኛው የካርል ባልደረባ ሃርዲ፣ አዲሷ ፖሊስ ሮዝ፣ በአሳድ ቦታ የገባው ሶሪያዊ አክረም ሳሊም። ሃርዲ በፊልሙ አልጋ ላይ ያለ ጸጸት ብቻ ነበር፤ በተከታታዩ ከአልጋው ሆኖ ይመረምራል። ይህ እውነተኛ ትርፍ ነው።

ፊልሙ ሁለቱንም አላደረገም። እንደ መጽሐፉ ከፊት አይነግረንም፣ እንደ ተከታታዩም አያታልለንም፤ ምርመራውን ያስጀምርና ከዚያ ታንኩን ይከፍትልናል። ለ97 ደቂቃ ትክክለኛው ውሳኔ ይመስለኛል። ቀለመ የጎደለው የሚለው መጠበቅ በደቂቃ ብዛት አይመጣም፤ ከመጀመሪያው ትዕይንት በፊት ሦስት ደቂቃ ጨለማ ቢያስገቡ ይመጣ ነበር።

ቀለመ_ሲኒማ

ዳዊት፣ የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር እቀበላለሁ። የእኔም ቅሬታ እዚያ ላይ ነው፦ ሳናውቅ ስለገባን መጠበቅ አልቻልንም።

ስለ መርከቡ ግን ሦስቱም ሥራዎች ያልተጠቀሙበት ነገር አለ። በመጽሐፉ ሜሬተ የጠፋችው ከሮድቢ ወደ ጀርመን ፑትጋርደን በሚሻገረው መኪና ጫኝ መርከብ ላይ ነው። መንገዱ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጉዞው 45 ደቂቃ ነው። አሁን በሥሩ ዋሻ እየተሠራ ነው። አጋቹ ይህን መስመር የመረጠበት ምክንያት በጥንቃቄ ሲታይ በጣም ያስኬዳል። መርከቡ ሲንቀሳቀስ መንገደኞች ከመኪና ማቆሚያው ፎቅ እንዲወጡ ይደረጋል፤ ስለዚህ ከሁሉም ቦታ ይልቅ ምስክር የሌለው እዚያ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ የመንገደኛ ስም የሚመዘገበው ከ20 ኖቲካል ማይል በላይ ለሆነ ጉዞ ነው፤ ይህ መስመር ወደ 10 ነው። የሚቆጠረው የሰው ብዛት እንጂ ማንነቱ አይደለም። ስም ዝርዝር ከሌለ ፖሊስ ማን እንደተሳፈረ የሚያውቀው ከቲኬት ክፍያና ከካሜራ ብቻ ነው፤ የሁለት አገር ፖሊስ ደግሞ በአንድ ምሽት አይግባባም።

የካርል ክርክር እዚህ ላይ ያበራል። መናገር የማይችል ወንድሟን ኡፈን ዕድሜዋን በሙሉ ስትንከባከብ የኖረች ሴት፣ ራሷን ልታጠፋ ብትፈልግ እሱን ይዛው መርከብ አትወጣም። ጣት አሻራ የለም፣ ደም የለም፤ ስለ ሰው ጠባይ ማሰብ ብቻ። ፊልሙ ይህን ጠብቆታል፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

ሰብለ_ከኮፐንሃገን

መርከቡን በደንብ አነሳኸው። ስለ አሳድ ደግሞ እኔ ልጨምር። በመጽሐፉ አሳድ ስኳር የበዛበት ሻይ የሚያፈላ፣ የሚያስቅ፣ ያለፈ ሕይወቱን የሚደብቅ ሰው ነው። ደራሲው ያለፈ ታሪኩን በብዙ መጻሕፍት እያንጠባጠበ ያወጣዋል። ለፊልም ይህ አይሆንም። ቤይሩት ተወልዶ ስዊድን ያደገው ፋሬስ ፋሬስ ሳቁን ቀንሶ ትዕግሥቱን አጎላው፤ ከካርል አጠገብ ሲቀመጥ ዝም ማለቱ ብቻ ካርልን እንዴት እንደሚገራው ተመልከቱ። ካርል በር ሲወረውር እሱ ወረቀት ይለጥፋል። ከመጽሐፉ ይልቅ የፊልሙን አሳድ እመርጣለሁ፤ የሚያስቅ ስደተኛ ሆኖ ስላልቀረበ።

ቦታውም የራሱ ትርጉም አለው። የኮፐንሃገን ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት የነበረው ፖሊቲጎርደን በ1924 የተጠናቀቀ ነው፤ ውጭው ደረቅ ግድግዳ፣ ውስጡ በዓምድ የተከበበ ክብ አደባባይ። ያን ሁሉ ክብር ከላይ ትቶ አንድን መርማሪ ምድር ቤት ማስቀመጥ ለዴንማርክ አንባቢ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። በኤደንብራ ይህን ቅጣት ለማሳየት የድሮ መታጠቢያ ክፍል መፍጠር አስፈለጋቸው።

ሕሊና_አንባቢዋ

የበቀሉን ምክንያት ማንም አልነካም። ሜሬተ የተቀጣችው በልጅነቷ በደረሰ የመኪና አደጋ ነው፤ የእሷ ወላጆች ሞቱ፣ ከሌላኛው መኪናም ቤተሰብ ረገፈ። ሕፃን በጨዋታ ላደረገችው ነገር አዋቂዋ ትከፍላለች። ፊልሙ ይህን በፍላሽባክ በችኮላ ስላለፈው አጋቹ እብድ ብቻ ሆኖ ይቀራል። መጽሐፉ ግን «ለምን እዚህ እንዳለሽ ታውቂያለሽ?» የሚለውን ጥያቄ እየደጋገመ ያስጠይቃታል። እሷ የፖለቲካ ጠላቶቿን፣ ያሳዘነቻቸውን ወንዶች፣ ሁሉንም ትቆጥራለች፤ ልጅነቷን ግን አታስብም። አንባቢም አብሯት ይቆጥራል። ይህ ጥያቄ በፊልሙ የመጽሐፉን ያህል ስላልጎላ ከግፊቱ ግማሹ ወጥቷል ባይ ነኝ።

ዳዊት_ስክሪፕት

ሕሊና ትክክል ናት፤ የተከታታዩ ምርጥ ነገርም ይህን ጥያቄ መልሶ ማጉላቱ ነው። ዐቃቤ ሕግ ስላደረጓት የምትቆጥረው ጠላት በዛ፤ የከሰሰችውና ከፍርድ ያመለጣት ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ። ሙያዋን መቀየራቸው ለዚህ ጠቅሟል።

ናርዶስ_21

እኔ ተከታታዩን ብቻ ነው ያየሁት። አሁን ወደ ዴንማርኮቹ ልገባ ነው። በየትኛው ልጀምር? ድምፁስ?

ቀለመ_ሲኒማ

ናርዶስ፣ በ2013ቱ ጀምሪ፤ ቀጥሎ ፋሳን አዳኞቹ (2014)፣ የጠርሙሱ መልእክት (2016፣ ዳይሬክተሩ ሃንስ ፔተር ሞላንድ) እና «ጆርናል 64» (2018፣ ክሪስቶፈር ቦ)። አራቱም ሊ ካስና ፋሬስ ፋሬስ አሉባቸው። ከ2021 ጀምሮ ያሉት በሌላ ቡድን የተሠሩ ናቸው፤ ካርልን ኡልሪክ ቶምሰን ይጫወታል፣ ጠባዩም ስለሚለይ ቀጥታ ተከታይ አድርገሽ አትያቸው።

ድምፁን በዴንማርክኛ አድርገሽ የግርጌ ጽሑፍ ክፈቺ። በእንግሊዝኛ የተቀዳው ድምፅ የካርልን ማጉረምረም ያጠፋዋል፤ አሳድ በዴንማርክኛ ያለው የባዕድ ቅላፄም አብሮ ይጠፋል፤ በእሱና በባልደረቦቹ መካከል ያለው ርቀት ግን የሚሰማው በዚያ ነው። ሥዕሉ ጨለማ ይበዛዋል። ቴሌቪዥንሽ ላይ እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን አማራጭ አጥፊ፣ ኃይል ቆጣቢውንም አጥፊ፤ ይህኛው ጥቁሩን ይበልጥ ያጨልመውና በታንኩ ውስጥ ፊቷ አይታይሽም። የክፍሉን መብራት ቀንሺ እንጂ ብራይትነሱን አትጨምሪ፤ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይቀየራል።

ሰብለ_ከኮፐንሃገን

ጊዜ ካጠረሽ ናርዶስ፣ ሁለተኛውን ዝለዪውና «ጆርናል 64»ን እዪ። ከአራቱ የሚሻለው እሱ ነው። መነሻው በስፕሮጎ ደሴት ላይ ከ1923 እስከ 1961 የነበረው የሴቶች ተቋም ነው፤ ጠባያቸው ያልተወደደ ሴቶች ያለ ፍርድ ይወሰዱበት፣ ብዙዎቹም እንዳይወልዱ ይደረጉበት ነበር። ዛሬ በዚያች ደሴት ላይ የታላቁ ቤልት ድልድይ ያልፋል፤ መኪና የሚነዳ ሁሉ ያያታል።

ናርዶስ_21

እሺ፣ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያውን ዛሬ ማታ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ አራተኛው።